በበሩ ላይ የተነገረች ቃል

አንድ አንጥረኛ ነበረ፤ ስሙም ዘርዐ ብሩክ ይባላል። የእጁ ሥራ ዝና ተራራውን አልፎ ተሰማና በሩቅ አገር የሚኖር ንጉሥ፣ «መጥተህ ለቤተ መንግሥቴ የብር ዕቃ ሥራልኝ፤ ቤትና ቀለብ እሰጥሃለሁ» ሲል ላከበት። ዘርዐ ብሩክም በተክሊልና በቅዱስ ቁርባን ያገባትን ሚስቱን ወለተ ሐናን ይዞ፣ ቤቱን ለወንድሙ አስረክቦ መንገድ ጀመረ።

ከከተማይቱ ቅጥር ሲደርሱ የበሩ ሹም የንጉሡን ማኅተም አይቶ ሕጉን ነገራቸው። ንጉሥ የጠራው ሰው በመጣበት ቀን ይገባል፤ አገልጋዩም አብሮት ይገባል። ሚስት ግን ሸንጎው መርምሮ መኖሪያ እስኪፈቅድላት ድረስ ከቅጥሩ ውጭ በድንኳን ትቆያለች።

«ሸንጎው መቼ ያያታል?» ሲል ዘርዐ ብሩክ ጠየቀ።

«እርሱን እኔም አላውቅ። ክረምቱን እዚሁ የከረሙ አሉ» አለ ሹሙ አንገቱን ደፍቶ።

ባልና ሚስቱ ፈቀቅ ብለው ሲጨነቁ ያየ አንድ ነጋዴ ጠጋ አለና፣ «ወንድሜ፣ ምን ያስተክዝሃል? ገረዴ ናት በል። እኔ ሁለቱንም ሚስቶቼን ያስገባሁት እንዲሁ ብዬ ነው» አለው።

«ሁለት ካሉዎትስ ውጭ መቅረት የነበረብዎ እርስዎ ነበሩ» አለችው ወለተ ሐና።

ዘርዐ ብሩክ ግን አልሳቀም። ሚስቱ በማታውቀው አገር፣ በማታውቃቸው ሰዎች መካከል ለብቻዋ ስታድር በዓይነ ሕሊናው ታየችው። ከቀደሙት አበውም በሰው አገር ፈርቶ ሚስቱን እኅቴ ያለ እንዳለ ትዝ አለውና ልቡ ተደላደለ። «ቃል ናት እኮ፤ በሩን ስናልፍ እዚያው እንጥላታለን» አላት። እርሷም፣ «መለየቱንስ እኔም አልችለውም። እንዳሉ ይሁን» አለችው። እርሱም ወደ ሹሙ ተመልሶ «ገረዴ ናት» አለ፤ በሩም ተከፈተ።

ያቺ ቃል ግን በበሩ አልቀረችም። ተከትላቸው ገባች። በተሰጣቸው ቤት ጓሮ የገረድ ማደሪያ ነበረና ጎረቤት እንዳይጠረጥር የወለተ ሐና ልብስ በዚያ ተሰቀለ። ከቅዳሴ ሲመለሱ እርሱ ከፊት፣ እርሷ ዕቃ ተሸክማ ከኋላ ሆነች። መጀመሪያ ላይ ዘርዐ ብሩክ ማታ ማታ በሩን ዘግቶ «ይቅር በይኝ» ይላት ነበር። እየቆየ ግን ይቅርታውን መጠየቅ ረሳ፤ መርሳቱንም አላስተዋለውም።

ከዕለታት አንድ ቀን የንጉሡ ግምጃ ቤት ኃላፊ፣ በጅሮንዱ፣ ለእራት መጣ። ወለተ ሐና አስታጠበች፤ አቀረበች፤ ቆማም አሳለፈች። በጅሮንዱ በልቶ ሲጠግብ፣ «የዚህች ልጅ እጅ እንዴት ይጣፍጣል! ለእኔ ቤት ብትለቅልኝስ?» አለ።

ዘርዐ ብሩክም እየሳቀ፣ «ኧረ ጌታዬ፣ እርሷን ከሰጠሁ ማን ያገለግለኛል?» ሲል መለሰ።

እንግዳው ከሄደ በኋላ ሚስቱ ፊቷን አዙራ ገበታውን ታነሣ ጀመር። «ምነው ተከፋሽ? ለማምለጥ ብዬ ያልኩት እኮ ነው» አላት።

«ለማምለጥማ ‹ወደ አገሯ ልትመለስ ነው› ማለት ይቻል ነበር፤ ‹ሕመምተኛ ናት› ማለትም ይቻል ነበር» አለችው። «አንቱ ግን ቶሎ የመጣልዎ ይህ ነው። ሹሙን ለማሳመን ያልነውን ቃል ያመኑት አንቱ ነዎት።»

ዘርዐ ብሩክም ልቡን ቢመረምር፣ ያቺ መልስ ሳያስብባት እንደ ወጣች ዐወቀ።

በማግሥቱ ከከተማይቱ ዳኛ ፊት ቆሞ፣ «ጌታዬ፣ ዋሽቼአለሁ። ገረዴ ያልኳት ሚስቴ ናት» አለ።

«የሚከተለውን ዐውቀህ ነው?» አለው ዳኛው። «እርሷ ዛሬውኑ ከቅጥሩ ትወጣለች። ንጉሡም ብሩን ለዋሸ ሰው አምኖ አይሰጥም፤ ሥራህ ለሌላ ይሰጣል።»

«ዐውቄ ነው። እኔም አብሬያት እወጣለሁ።»

ዳኛውም፣ «ለመግባት የሚዋሽ በየቀኑ ይመጣብኛል፤ ለመውጣት እውነት የሚናገር ግን አላየሁም ነበር። ልረዳህ ብወድም ሕጉን የማወጣ እኔ አይደለሁም። ሂድ፣ ሚስትነቷን ለሸንጎው አስመዝግብ» አለው።

በዚያው ቀን ሁለቱም ወጥተው ከሚጠባበቁት ሰዎች ጋር ሰፈሩ። የደረሳቸው ድንኳን ጎኑ የተቀደደ ነበር፤ ነፋሱም ይገባል።

«ቢከለክሉንስ?» አለችው ወለተ ሐና።

«እኔ እንጃ። ይህን ቀዳዳ ግን ሳይመሽ እሰፋልሻለሁ።»

«አንቱ ደግሞ መርፌ ይዘው ያውቃሉ?» ብላ ሳቀች። ሚስት በባልዋ እንደምትስቅ ሳቀችበት፤ እርሱም ይህን ሳቅ ከሰማ ስንት ጊዜ እንደ ሆነው ያን ጊዜ ገባው።

ፈቃዱ ዘግይቶ መጣ። የቤተ መንግሥቱን ሥራ ሌላ ስለ ያዘው ዘርዐ ብሩክ በገበያ ዳር ትንሽ ወናፍ ተክሎ ኖረ፤ ወለተ ሐናም በከተማይቱ የዘርዐ ብሩክ ሚስት ተብላ ተጠራች።

መለየትን የፈራ ልብ አይነቀፍም። ኑሮው በሌላ ሰው ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ ያላደረ ሰው በእነዚህ ባልና ሚስት ላይ ባይፈርድ መልካም ነው። ነገር ግን የምንወደውን ሰው ይዘን ለመግባት ስንል ከክብሩ ካወረድነው፣ ከገባን በኋላ ወደ ክብሩ መመለስ ይከብደናል፤ አንደበት ደጋግሞ ያለውን ልብ ውሎ አድሮ ይቀበለዋልና።

አንተ ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ቶሎ ለመግባት ስትሉ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ምን ብላችሁ ጠርታችሁታል? እስኪ አስቡበት፤ ዛሬ በደጅ ለሚጠብቅ ሰውም አካፍሉት።