ኢማሙ ለብቻው የጨረሰው ሶላት

አንዳንድ ተረት ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል፤ መነሻው ግን የሰው አንገት ነው። የነኺላ ከተማ ሰዎች ከዚህ ታሪክ የወጣችውን አባባል የሚጠሏትም ለዚሁ ነው። በእንግዳ ፊት ከተተረተች ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

ድሮ፣ እስልምና ገና በሚስፋፋበት ዘመን፣ ዋኢል የሚባል ኢማም ነበር። «ኸሊፋው የድሆቹን የዘካ እህል ለፈረሶቹ ያበላል» ብሎ በአደባባይ ተናገረና ኸሊፋው አንገቱን አጥብቆ ፈለገው። ይህን የሰሙት የነኺላ ሰዎች «ወደኛ ና፤ ደማችንን እናፈስልሃለን!» ብለው ላኩበት። መጣ። አቤት አቀባበል! ያኔ መሐላ የሚፈጸመው የመሪውን እጅ በመጨበጥ ነበርና ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። «እኔ ልቅደም፣ እኔ ልቅደም» ሲባባሉ ሽማግሌዎች እንኳ በከዘራ ሊፈነካከቱ ምንም አልቀራቸው።

ሲመሽ ኢማሙ ያረፈው ግን ባልቴቷ ሩቀያ ቤት ነው። ያበጠ እጁን በሰሊጥ ዘይት እያሸችለት፣

«ጌታዬ፣ ስንቱ ሰው ማለልዎ?» አለችው።

«ከተማው በሙሉ፣ እናቴ።»

«ታዲያ ከዚያ ሁሉ ሰው ‹እኔ ቤት ይደሩ› የሚል አንድ ጠፋ?»

«ቤታችን አይመጥነውም ብለው አፍረው ይሆናል።»

ሩቀያ ቀና ብላ በጣራዋ ቀዳዳ ሰማዩን አየችና ማሸቷን ቀጠለች።

ጁምዓ ዕለት መስጊዱ ጢም አለ። ኢማሙ ከፊት ሆኖ ሲያሰግድ፣ ሁሉም ለሱጁድ ግንባሩን መሬት ላይ እንደደፋ፣ በፊት ለፊቱ መንገድ የፈረስ ኮቴ ተሰማ። የኸሊፋው ጦር! ደም እናፈሳለን ያሉት ሁሉ ከሱጁዳቸው ቀና እንኳ ሳይሉ በአራት እግራቸው ወደ ጓሮ ዳኹ። የጭቃውን አጥር ገፍተው ጣሉና በባዶ እግራቸው በቴምሩ ዛፎች መሃል ተበተኑ። ኢማሙ ከአምላኩ ጋር ነበር፤ አንዱንም አልሰማ።

የጦሩ አለቃ ጥቂት ፈረሰኞች አስከትሎ ደጃፉ ሲደርስ ልጓሙን ሳብ አደረገ። ከበሩ እስከ መንገዱ ጫማ፣ በጫማ ላይ ጫማ። በር ላይ ሩቀያ ተቀምጣለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ውስጥ ስንት ሰው አለ?»

ሩቀያ እንዳትዋሽ ጁምዓ ነው፤ እውነቱን እንዳትናገር የሰው አንገት ሊቀላ ነው።

«ኧረ ልጄ፣ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ጫማውን አታይም?»

«ታዲያ ድምፃቸው የት ገባ?»

«ዛሬስ፣ ወላሂ፣ አንዱም ትንፍሽ አላለ።»

አለቃው ላቡን ጠረገ። «አድፍጠው እየጠበቁን ነው! ተመለሱ፣ ተጨማሪ ጦር ይምጣ!» ብሎ ፈረሱን አዞረ።

ሩቀያ እየሮጠች ስትገባ ኢማሙ ሶላቱን እየጨረሰ ነበር። ወደ ቀኝ ዞሮ «አሰላሙ ዓለይኩም» አለ፤ ማንም የለም። ወደ ግራ ዞረ፤ ያለችው እሷ ብቻ።

«ሰዎቹስ?»

«ቀድመውዎት ሄደዋል ጌታዬ፤ እርስዎም በፈረሰው አጥር ይውጡ!»

ወጣ። አንገቱም ተረፈ።

በማግስቱ የነኺላ ሰዎች ብቅ ብቅ እያሉ ጫማቸውን ይፈልጉ ጀመር። የኢማሙን ማምለጥ ሲሰሙማ ደረታቸው ተነፋ። አንድ ሽማግሌ አንድ እግር ጫማውን አንጠልጥሎ፣ «ያው የኛ መሐላ ነው ያዳነው!» ቢል ሩቀያ ሌላኛውን እግሩ ሥር ወርውራለት፣ «ከማለ ጌታ፣ ጫማው በረታ» አለችው።