ቢያድግልኝና የሰንጠረዡ ፈረስ

ልጆች፣ እናንተ ጆሮ ስጡኝ፣ እኔ ተረት ልስጣችሁ።

ነገር ሁሉ የተበላሸው በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው። በዚያን ዕለት ድንጋይ ጠራቢው ቢያድግልኝ ሦስት ክረምት ሙሉ የጠረባቸውን የሰንጠረዥ ጠጠሮች በስልቻ ይዞ ከንጉሡ ደጅ ደረሰ። ግማሾቹ ነጭ፣ ግማሾቹ ጥቁር፤ ንጉሡም፣ ፈረሱም፣ ዝሆኑም፣ ወታደሩም ከድንጋይ የወጡ። በዚያ አገር እንደ እሱ ያለ እጅ አልነበረም። እሱም ይህን ያውቅ ነበር።

በረኛው አጋፋሪ ጥሩነህ ስልቻውን ተቀበለው።

«የጠይብ እጅ ከጃንሆይ ፊት አይቀርብም። እኔ አደርስልሃለሁ፤ አንተ እዚህ ቁም» አለው።

ቢያድግልኝ ቆመ። አጋፋሪው ገባና «ጃንሆይ፣ በገዛ እጄ ጠርቤ አመጣሁልዎ» አለ። ንጉሡ ደስ አላቸው፤ ካባ አለበሱት። ጠራቢው በዱላ ተባረረ።

ቢያድግልኝ ደጅ ጠና። አንድ ዓመት «አቤት» አለ፣ የሰማው የለም። ሁለት ዓመት «አቤት» አለ፣ የሰማው የለም። ሰባት ዓመት «አቤት» አለ።

«ጉሮሮህ ከድንጋይ ነው እንዴ የተጠረበው?» አለው አጋፋሪው እየሳቀ።

«አይደለም ጌታዬ። ቢሆንማ እርስዎ ይወስዱት ነበር።»

በስምንተኛው ዓመት ንጉሡ ሲጫወቱ የነጩ ፈረስ አንገት ተቀነጠሰ።

«አጋፋሪ፣ ሌላ ጥረብልኝ» አሉ።

የሰንጠረዥን ጠባይ ታውቁ እንደሆነ፣ በመጀመሪያው ወረራ ተራ መጠበቅ የለም። አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደ ጦር ሜዳ ይሽቀዳደማሉ። ዓይን ከባላጋራ እጅ አይነሳም፤ የራስን ጠጠር የሚያውቀው ጣት ነው። አጋፋሪው ግን ይህን አያውቅም።

ራሱ ጠርቦ አንድ ፈረስ አመጣ። ቀለለ፤ ገና ሲያሳርፉት ወደቀ። ሁለተኛ አመጣ። ከበደ፤ የመጫወቻውን ጨርቅ ይዞት ተንሸራተተ። ሦስተኛውን በድብቅ በሌላ ጠራቢ አስጠረበ። ዓይን የሚያየው ሁሉ ቁርጥ የፊተኛውን ነበር። ንጉሡ ከእንግዳቸው ጋር ወረራ ገጠሙ። ጣታቸው ፈረሱን ነካውና አላወቀውም፤ አልፈው ዝሆኑን አነሱ። በእንግዳ ፊት ተሸነፉ።

«ይህን የጠረበ እጅ የፊተኛውን አልጠረበም። ያንን ማን ሠራው?» ብለው ሸንጎ ሰብስበው አጋፋሪውን ከፊታቸው አቆሙት።

አጋፋሪው እልፍኝ ሲቆም በሩ ከልካይ አጣ። ቢያድግልኝ ይህን አየና ሰተት ብሎ ገባ።

«ጃንሆይ፣ እኔ ነኝ። የሁለታችንንም ዓይን አስረው ይፈትኑን።»

አጋፋሪው ዓይኑ ታሰረ። ጠጠሮቹን በእጁ ሲዳስስ ዝሆኑን ፈረስ አለው፤ ወታደሩን ንጉሥ አለው። ሸንጎው ሳቀ። ቢያድግልኝ ዓይኑ ታሰረ። እንደ ልጆቹ አንድ በአንድ በስማቸው ጠራቸው።

«ከፈረሱ ማጅራት ላይ አውራ ጣት የሚያርፍበት ስርጉድ አለ። ከዝሆኑ ጀርባ ላይ ሁለት ጭረት አለ። ዓይን አያገኛቸውም። እኔ የጠረብሁት ለሚጫወት እንጂ ለሚያይ አይደለም» አለ።

ንጉሡ በጥቁሩ ፈረስ ማጅራት ላይ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ልክ ገባ።

ካባው ከአጋፋሪው ትከሻ ወረደ፤ በረኝነቱም ተሻረ። የሸንጎው ሽማግሌዎችም «የሰው ወርቅ አያደምቅ» አሉ።

«እንካ፣ ካባው ያንተ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የአገሬ ጠራቢዎች ሁሉ አለቃ ነህ» አሉት ንጉሡ።

ቢያድግልኝ እጅ ነሣ። ካባውን በክንዱ ያዘው እንጂ አልለበሰውም። ኩታውን አደግድጎ እንደ ባለሙግት ከአጋፋሪው ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ካባዬን ጃንሆይ መለሱልኝ። ሰባት ዓመቴን ግን የወሰድህ አንተ ነህ። እጄን ጠይብ ብለህ ከበር መልሰህ፣ በእጄ ሥራ እንዴት ደረትህን ነፋህ? ተጠየቅ። አሁን፣ በሸንጎ ፊት፣ መልስልኝ።»