ወንዙ ሞላ፣ ጉባኤው ጎደለ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ። የዛሬው የምክር ቤት ነው። ላም የለበትም፤ ወንበር ግን ሞልቶበታል፣ ባዶውን።

አንዲት ትንሽ ክልል ነበረች። አንዱ ጫፍ የጮኸ አውራ ዶሮ ሌላው ጫፍ የተኛውን ይቀሰቅሳል፤ ስፋቷ ይህን ያህል ነው። ጉርምርም የሚባል ጠባብ፣ ሲሞላ ግን ጥልቅ የሚሆን ወንዝ መሃሏን ሰንጥቋታል። ከወንዙ ወዲህ ጤና ጣቢያው፣ ጽሕፈት ቤቱና ምክር ቤቱ አሉ። ከወንዙ ማዶ ወይዘሮ ደብሪቱና ልጇ እንጉዳይ ይኖራሉ። እንጉዳይ ወሯ ገብቷል። ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለች የምትሻገርበት ጊዜ አልፏል።

ደብሪቱ የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው። ከወንዙ ወዲህ፣ ከደኑ ጠርዝ፣ ነፋስ የጣለው አንድ የዝግባ ግንድ አለ። እሱ ወንዙ ላይ ቢጋደም ልጇ ትሻገራለች። ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ጠዋት ውሃው ከጉልበቷ በታች ሳለ ተሻግራ መጣች። ቀሚሷን ጨምቃ ሳትጨርስ ደጋው ላይ ደመናው ጠቆረ።

«ወንዴ፣ ይህን ግንድ ስጠኝ» አለችው የደን ጠባቂውን።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ደኑ የክልሉ ነው። እኔ የቆመውንም የወደቀውንም እጠብቃለሁ። ማኅተም ያለው ደብዳቤ አምጪና ውሰጂ።»

ሮጠች። ማኅተሙ ያለው ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ ወይዘሪት ሰናይት ዘንድ ነው።

«የኔ ልጅ፣ ማኅተምሽን ምቺልኝ። ጠባቂው አልለቀቀም፣ ግንዱ አልተጋደመም፣ ልጄም አልተሻገረችም።»

ሰናይት ደብዳቤውን ወዲያው ጻፈችላት። ጥሩ ልጅ ናት፣ እኔ አልወቅሳትም። «ማኅተሙን ግን አልመታም፣ እማማ» አለች። «የክልሉን ደን የሚነካ ነገር የምክር ቤት ውሳኔ ይፈልጋል። ያለ ውሳኔ ዛሬ ብመታው ነገ የምመታው እኔ ነኝ።»

ደጋው ላይ ነጎደ። ደብሪቱ ደብዳቤዋን ጉያዋ ከትታ ሮጠች። ምክር ቤቱ አርባ አንድ ወንበር አለው። ሃያው ላይ ሰው ተቀምጦ ያዛጋል። የቀሩት አንዱ ሰርግ፣ አንዱ ለቅሶ፣ አንዱ አመመኝ፤ ሌሎቹ የት እንዳሉ እነሱ ይወቁ። አፈ ጉባኤው አቶ አዱኛ መዶሻቸውን ይዘው በር በሩን ያያሉ።

«ጌታዬ፣ ውሳኔ ይስጡኝ» አለች። «ማኅተሙ አልተመታም፣ ጠባቂው አልለቀቀም፣ ግንዱ አልተጋደመም፣ ልጄም አልተሻገረችም።»

«ወይዘሮ ደብሪቱ፣ የእኛ ሥራ ይኸው ነው» አሉ አቶ አዱኛ። «ሕግ እናወጣለን፣ ሹሙን እንጠይቃለን፣ የሕዝብ አቤቱታ እንሰማለን። የእርስዎንም ሰማን። ለመወሰን ግን ሃያ አንድ ሰው ያስፈልጋል፣ እኛ ከእኔ ጋር ሃያ ነን። ጉባኤው አልሞላም።»

«ታዲያ ማንን ትጠብቃላችሁ?»

«እመጣለሁ ያሉት አንድ ሰው ናቸው። የእርስዎው መንደር ተመራጭ፣ አቶ ዘገየ።»

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? ግን በሰው ስም አንቸኩል።

ደብሪቱ ወንዙ ዳር ስትደርስ ጉርምርም ሞልቷል። ጠዋት ጉልበቷ ያልደረሰው ውሃ አሁን ግንድ ለግንድ እያላተመ ይወርዳል። ማዶ አቶ ዘገየ ኮታቸውን ቆልፈው፣ የስብሰባ ወረቀታቸውን ብብታቸው ሸጉጠው ቆመዋል።

«አቶ ዘገየ፣ ይሻገሩልኝ» ብላ ጮኸች። «ጉባኤው አልሞላም፣ ማኅተሙ አልተመታም፣ ጠባቂው አልለቀቀም፣ ግንዱ አልተጋደመም፣ ልጄም አልተሻገረችም።»

«እዚህ ከቆምኩ ስንት ሰዓቴ» ብለው መለሱ። «በሕይወቴ በሰዓቱ የወጣሁት ዛሬ ነው። ጉልበቴ ግን ይህን ውሃ አይችልም። ድልድይ ይኑርና እሻገራለሁ። ደብሪቱ፣ ፈጠን በይ። እንጉዳይን ምጥ ይዟታል፤ ጎረቤቶቿ በቃሬዛ እያመጧት ነው።»

ይህን ስትሰማ ውሃው ጠርዝ ድረስ ወረደች። መሄጃ ቢጠፋት ወንዙን ለመነችው።

«አንተ ወንዝ፣ እባክህ ጉደል። አቶ ዘገየ አልተሻገሩም፣ ጉባኤው አልሞላም፣ ማኅተሙ አልተመታም፣ ጠባቂው አልለቀቀም፣ ግንዱ አልተጋደመም፣ ልጄም አልተሻገረችም።»

«አልጎድልም» አለ ጉርምርም። «ሰማይ የሞላኝን ማን ያጎድለኛል? መሻገር ከፈለጋችሁ ያ ግንድ አለላችሁ።»

ዞራ ዞራ እዚያው። እንደገና ወንዴ ፊት ቆመች።

«ወንዙ አልጎደለም፣ አቶ ዘገየ አልተሻገሩም፣ ጉባኤው አልሞላም፣ ማኅተሙ አልተመታም፣ አንተም አልለቀቅህም፣ ግንዱ አልተጋደመም፣ ልጄም አልተሻገረችም።»

«ደብዳቤው…» አለ ወንዴ፣ መሬት መሬት እያየ። ግንዱ ላይ ተቀምጣ ልታለቅስ አለች። ሳትቀመጥ ቀና አለች። አቶ ዘገየ አልቀሩም፣ ቆመዋል፤ የቆሙት ግን ከወንበራቸው ራቅ ብለው ነው። ታዲያ ወንበሩ የግድ አዳራሽ ውስጥ መሆን አለበት ያለው ማነው?

እየሮጠች አዳራሹ ገባች። «ደንባችሁ ጉባኤው የት ይሁን ይላል?» አለች።

ቃለ ጉባኤ ያዡ ደንቡን አወጣ። ገጾቹ ተጣብቀዋል፤ በምራቁ እያላቀቀ ደረሰበት። «ጉባኤው አፈ ጉባኤው በሚጠራበት ስፍራ ይካሄዳል» ብሎ አነበበ።

«እንግዲያው ወንዝ ዳር ይጥሩት።»

አቶ አዱኛ በመስኮት ዝናቡን አዩ፣ ጫማቸውን አዩ። አላመነቱም ብል ውሸታም ልባል ነው። ግን መዶሻቸውን ይዘው ተነሱ። የቀሩት አሥራ ዘጠኙ ተከተሏቸው፣ ሰናይትም ማኅተሙን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ወንዝ ዳር ድንጋይ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«ማዶ ያለ ሰው ተገኝቷል ይባላል?» አለ ነገር የሚወድ አንድ የምክር ቤት አባል።

«ይታያሉ?» አሉ አቶ አዱኛ። «ይታያሉ። ይሰማሉ? ይሰማሉ። አዳራሽ ውስጥ የማያይም የማይሰማም አለን፣ እሱንም እንቆጥራለን። የምትደግፉ እጅ አውጡ።»

ከወዲህ ሃያ እጅ ወጣ። ከወዲያ ማዶ አንድ እጅ፣ ባርኔጣ ጨብጦ፣ ወጣ።

«ሞላ» ብሎ ጮኸ ቃለ ጉባኤ ያዡ።

«ሲሞላ እያየነው ነው የዋልነው» አለ ወንዴ ከግንዱ አጠገብ፣ ወንዙን ያለ መስሎት።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዘው። ጉባኤው ሞላ፣ ውሳኔው ወጣ፣ ማኅተሙ ተመታ፣ ጠባቂው ለቀቀ። የምክር ቤት አባላት ሱሪያቸውን ሰብስበው ግንዱን ገፉ፣ ገመድ ወረወሩ፣ ቃሬዛውን ይዘው ማዶ የደረሱት ጎረቤቶች ሳቡ፣ ግንዱ ተጋደመ። ወንዙ እያጉረመረመ በሥሩ አለፈ።

አቶ ዘገየ ወረቀታቸውን ይዘው አንድ እግራቸውን ግንዱ ላይ አደረጉ።

«አቶ ዘገየ» አለች ደብሪቱ ከወዲህ፣ «ዛሬን ይዘግዩልኝ። ልጄ ትቅደም።»

እግራቸውን መለሱ። እንጉዳይ ፊትና ኋላ በያዙ ሁለት ጎረቤቶች ትከሻ፣ እርምጃ በእርምጃ፣ ተሻገረች። ጤና ጣቢያ በገባች በሰዓቷ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ስሙን ማን እንበለው ሲባባሉ፣ ቀኑን ሙሉ ያልተቀመጠችው ደብሪቱ መጀመሪያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ «ሞላ በሉት» አለች።

ተረቴን መልሱ። አፌን በዳቦ ማበሱን ተዉት፣ ወንበራችሁን ሙሉ።