እግዜርን ሊከስ የወጣው አያ ጓንጉል

ልጆች ቀረብ በሉ። አዋቂዎችም ብትሆኑ ማዛጋቱን ትታችሁ ስሙ፤ ነገሩ እናንተንም ይነካል።

ድሮ ድሮ፣ ስሙን እኔም በማላውቀው አገር፣ አያ ጓንጉል የሚባል ሙግት ወዳድ ገበሬ ነበረ። ሙግት ወዳድ ስላችሁ እንደዋዛ እንዳታዩት። የጎረቤቴ ዶሮ ደጄ ላይ ጮኸች ብሎ ከሷል። የዋርካው ጥላ ድንበር አለፈ ብሎ ዋርካውን ከሷል። ደግሞ ሁሌም ይረታ ነበር። ዳኞቹ ገና ዱላውን ከሩቅ ሲያዩ «መጣ ይሄ ሰውዬ!» ይሉና ምሳቸው ሳይቀዘቅዝ ቶሎ ይፈርዱለታል።

በዚያ አገር ሕግ ከሳሽና ተከሳሽ ጋቢያቸው ጫፍ ለጫፍ ይቋጠርና ቁራኛ ይሆናሉ። ፍርድ እስኪያገኙ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ቋጠሮው የሚፈታው ለተከሳሹ ዋስ ሲገኝለት ብቻ ነው።

ታዲያ አንድ ዓመት በጓንጉል ላይ መከራ ተደራረበበት። በሬው ቦራ ገደል ገባ። ንቦቹ ቀፎውን ጥለውበት ሄዱ። በመጨረሻ ማጭዱን ስሎ «ነገ አጭዳለሁ» ባለበት ቀን በረዶ ወረደና ስንዴውን ከአፈር ደባለቀው። ይባስ ብሎ በረዶው ድንበሩ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ የጎረቤቱ ማሳ አንድ ዛላ አልተነካበትም።

«ድንበር የሚያውቅ በረዶ በራሱ አልመጣም» አለ ጓንጉል። «የላከው አለ።»

«ማነው የላከው?» አለች ሚስቱ አንጓች።

«እሱ ነዋ!» ዱላውን ወደ ሰማይ ቀሰረ። «ስጾም፣ ሳስቀድስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለምን እንዲህ እንዳደረገኝ ዳኛ ፊት ቆሞ ይንገረኝ። እስከዚያው አንዲት ፍሬ አልዘራም!» አለና የአንገቱን ማተብ በጥሶ ጣለው።

አንጓች ክው አለች። በጋው በዚሁ ኩርፊያ አለፈና ክረምቱ ደረሰ፤ ጎታው ውስጥ የቀረችው አንዲት ቁና ዘር ናት። እሷ ካልተዘራች የከርሞ ቀለብ የለም። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ የንስሐ አባቱን ጠራችበት። እሱ ግን ጋቢውን ተከናንቦ ዳኛ ፍለጋ ወጣ።

ሄደ ሄደ፣ አንበሳን አገኘ።

«አያ አንበሶ፣ ዳኛ ሁነኝ።»

«ተከሳሹ ማነው?»

«እግዜር።»

አንበሳ ዙሪያውን ገልመጥ ገልመጥ አደረገ። «ዛሬ ጠዋት አግስቼ ቁርሴን የለመንኩት እሱን ነው። ከእጁ እየበላሁ አልፈርድበትም። ሂድ ወዲያ!»

ሄደ ሄደ፣ ንስርን አገኘ።

«አያ ንስር፣ ዳኛ ሁነኝ።»

«ተከሳሹ ማነው?»

«እግዜር።»

«የምንሳፈፍበት ነፋስ የማን መሰለህ? ፈርጄበት ነፋሱን ቢነሳኝስ? ሂድ ወዲያ!»

ሄደ ሄደ፣ እመት ጦጣን ዛፍ ላይ ተቀምጣ ቅማሏን ስትለቅም አገኛት።

«እመት ጦጣ፣ ዳኛ ይሁኑኝ።»

«ተከሳሹ ማነው?»

«እግዜር።»

«እሺ፣ እዳኛለሁ» አለች ጦጣ። ጓንጉል በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረው። «ግን ሕግ ሕግ ነው። ቁራኛህ የታለ?»

ጓንጉል ጭንቅላቱን አከከ። «እሱ እኮ የትም አለ።»

«ጥሩ ነዋ፣ ፍለጋ አያደክምህም! በደለኝ ካልክበት ማሳ ሂድና፣ አንተ ካልሠራኸው፣ እሱ ብቻ ከሠራው ነገር ጋር ጋቢህን ቋጥር። ዓይንህን እንዳትነቅል፤ ዋስ የሌለው ተከሳሽ ያመልጣል። የሚሠራውን ሁሉ አይተህ በችሎቱ ቀን ትነግረኛለህ።»

ጓንጉል ወደ ማሳው ወረደ። አጥሩን ያጠረው እሱ ነው፣ ካቡን የካበው አባቱ። ዞሮ ዞሮ ከአፈሩ መሀል ብቅ ያለች አንዲት የስንዴ ቡቃያ አየ። «ይቺን እኔ አልዘራኋትም» አለና ከጋቢው ጫፍ ክር መዝዞ አሰራት። ጠበቅ ቢያደርገው ትቀነጠሳለች፣ ላላ ቢያደርገው ተከሳሹ ሊያመልጥ ነው። ስለዚህ ዕድሜ ልኩን ዱላ ሲያወናጭፍ የኖረ ሰው ትንፋሹን ይዞ ቁጭ አለ።

አንጓች ምሳውን ይዛ መጣች። «ካገሩ ሰው ሁሉ ጋር ተቆራኝተህ ጨረስክ። ከሣር ጋር ገና ዛሬ ማየቴ ነው።»

«ሣር አይደለችም። ቀስ ብለሽ አውሪ!»

ፍየል ስትመጣ አባረራት። ፀሐይ ሲበረታ ቡቃያዋን በጋቢው ከለላት። «ለእሷ ብዬ አይደለም፤ ተከሳሼ እንዳይጠፋብኝ ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ቡቃያዋም ዓይኑ ሥር አደገች። ሳያርገበግብ ያያት ነበር፤ ሆኖም ስታድግ አንድ ቀን እንኳ እጅ ከፍንጅ አልያዛትም።

አንድ ማለዳ ዝናቡ አባርቶ ቀና ቢል፣ ማሳው እዚህም እዚያም አረንጓዴ ሆኗል። በረዶው መሬት ውስጥ የከተተው እህል ገቦ ሆኖ፣ ያለ ዘሪ በቅሏል። ሳሳ ያለ ነው፣ ጎተራ አይሞላም። ግን ጓንጉል አልዘራም ብሎ ሲያኮርፍ ተከሳሹ ዘርቶ ጨርሷል። ጓንጉል ፈራ። ደስ የሚል፣ ሰውነትን የሚያሞቅ ፍርሃት ነበር። ተነስቶ ሊሰግድ ፈለገ፤ ነገር ግን ታስሯል። እንደተቀመጠ ግንባሩን መሬት አስነካ።

«እንግዲህ ታረቃ!» አለችው አንጓች ስትመጣ።

«አልታረቅም! በረዶው ለምን እንደወረደ ገና አልነገረኝም። እሱ ተከሶ ዳኛ ፊት መቆም አያውቅም እንዴ?»

አንጓች አጠገቡ ቁጭ አለች። «ቆሞ ያውቃል እንጂ። በጲላጦስ አደባባይ ቆሟል። በሐሰት ከሰሱት፤ እሱ ግን ዝም አለ።»

«ዋሱስ ምን አለ?»

«ዋስ አልነበረውም። ወዳጁ ጴጥሮስ እንኳን አላውቀውም አለ።»

ጓንጉል ይህን ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ በየስቅለቱ ሰምቶታል። ሲሰማ ግን ልቡ ሁልጊዜ በገዛ ሙግቱ ተይዞ ነበር። አሁን ፊቱ በቁጣ ቀላ።

«ያለ ዋስ? በሐሰት ምስክር? ካገሩ ሁሉ ሰው ጠፍቶ ነው? እኔ እዚያ ብኖር ኖሮ…» ለበሬው ለቦራ ያልወጣው ዕንባ ጺሙ ላይ ወረደ።

የችሎቱ ቀን ደረሰና ጦጣ ካቡ ላይ ወጥታ ተሰየመች። አንበሳና ንስርም ከሩቅ ቆመው ያያሉ፤ ወሬ ማን ይጠላል!

«ከሳሽ! በረዶው ለምን እንደወረደ ተከሳሽህ ነገረህ?»

«አልነገረኝም።»

«ታዲያ አመለጠህ?»

«አንድ ቀን እንኳ አልተለየኝም።»

«እንግዲያው ሙግቱ ይቀጥላል። ተከሳሽ ዋስ ይጥራ! ዋስ ከሌለው…»

«አለው!» ጓንጉል ክሩን ከቡቃያዋ ቀስ ብሎ ፈትቶ ተነሳ። «እኔ ዋሱ ነኝ!»

ጦጣ ከካቡ ልትወድቅ ነበር። «ከሳሽ ለተከሳሹ ዋስ ሲሆን የት አገር ታይቷል? በረዶውስ?»

«በረዶው እስካሁን ያመኛል። ለምን እንደሆነም እጠይቀዋለሁ፤ ደጁ ሄጄ፣ ሰግጄ እጠይቀዋለሁ። ግን እኔ እያለሁ ሁለተኛ ያለ ዋስ አይቆምም!»

«ዋስ ከተገኘ ቋጠሮው ተፈቷል» አለች ጦጣ። «ነጻ ነህ፣ ወደፈለግህበት ሂድ።»

ጓንጉል ግን አልሄደም። ክሩን ከጋቢው በጥሶ ለአንጓች ሰጣትና አንገቱን ጎንበስ አደረገላት። እሷም ማተቡ በነበረበት ቦታ አሰረችለት። ከዚያ ዶማውን አንስቶ፣ ቡቃያ የሌለበትን ቦታ እየቆፈረ ያቺን አንዲት ቁና ዘር ዘራት።

ሙግቱንስ ተወ? ኧረ ምን ሲደረግ! በማግስቱ የጎረቤቱን ዶሮ ከሰሰ።

እኔም ተረቴን እዚህ ላይ ቋጠርኩ፤ የሰማ ለልጁ ይፍታው። ከዚያ ወዲህ ያገሩ ሰው ተረቱን ሲተርት እንዲህ ይላል፦

«እግዜርን ሊከስ የወጣ፣ ዋስ ሆኖት መጣ።»