የተፋቀችው ፕሮሰሰር

አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነበር። ሱቁ ጠባብ፣ ጣሪያው የሚያፈስ። ክረምት በመጣ ቁጥር የሰው ኮምፒውተር እንዳይበሰብስበት ላስቲክ ሲያለብስ ይውላል። ከጎኑ ደግሞ ቦጋለ የሚባል ሌላ ጠጋኝ አለ።

አንድ ቀን ቦጋለ ከአሮጌ ኮምፒውተር ያወጣትን ፕሮሰሰር ሸጠ። ፕሮሰሰር ታውቃላችሁ አይደል? የኮምፒውተሩ አእምሮ የሚሏት፣ ከብስኩት የማትበልጥ ነገር! ዛሬ ለምንም ሥራ አትሆንም። ግን ዓይነቷ ከገበያ ስለጠፋ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሰበስብ ሰው ከሌላ ከተማ ድረስ መጥቶ ሠላሳ ሺህ ብር ከፈለባት።

ጎረቤቱ፣ ያ ጣሪያው የሚያፈሰው ጠጋኝ፣ ምን አለ? “እንኳን ደስ አለህ” አለ። በአፉ! ሆዱ ግን እርር ብሏል። “ለቦጋለ? ሽቦ እንኳ በወጉ መበየድ ለማይችል?” ምሳው አልወርድ አለው። አትሳቁ፣ ታውቁታላችሁ ይሄን ምሳ!

ሳጥኑን ሲበረብር ምን ቢያገኝ ጥሩ ነው? ያችኑ ዓይነት ፕሮሰሰር! እንዲያውም ከቦጋለዋ የቀደመች፤ የተሠራችበት ዓመት ፊቷ ላይ ታትሟል። ለሰብሳቢው ደወለ። “ቅዳሜ እመጣለሁ፣ እንዳለች አስቀምጥልኝ” አለው። በቃ፣ ጣሪያው ሊቀየር ነው!

ተመስገን አለ? የት አባቱ! የቦጋለዋ ስታብረቀርቅ አይቷል፤ የራሱ ግን ወይባለች። “የሱ ሠላሳ ካወጣች የኔ ስድሳ ታወጣለች” ብሎ ብርጭቆ ወረቀት አነሳና ይፈትጋት ጀመር።

ቦጋለ በበሩ ሲያልፍ አይቶ ደነገጠ። “ኧረ ተው ወንድሜ፣ ጽሑፉን ታጠፋዋለህ!”

“ምነው፣ ቀናህ እንዴ?” አለው። ማን ለማን እንደሚል ሰማችሁ?

ቅዳሜ ሰብሳቢው መጣ። መነጽሩን አድርጎ ገለባበጣት። “ጽሑፉስ?”

“የቱ ጽሑፍ?”

“ማን እንደሆነች፣ መቼ እንደተሠራች የሚናገረው ነዋ! እኔ የምፈልገው እሱን ነበር። አሁን ይቺ የትኛዋም ልትሆን ትችላለች።” ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧት ሄደ።

ሐምሌ ገባ፣ ጣሪያው አፈሰሰ። ባልዲ ይዞ የሮጠለት ማን መሰላችሁ? ቦጋለ።

ወገኖቼ፣ እናንተስ ምን እየፋቃችሁ ነው? አንቺ እህቴ፣ የጎረቤትሽን ትዳር እያየሽ የራስሽን ስንት ጊዜ ፈተግሽው? አንተስ፣ ልጅህን “እንደ እገሌ ልጅ ሁን” እያልክ እግዚአብሔር በልጅህ ላይ የጻፈውን አላጠፋህም? እኔ ራሴ ሌላው ሰባኪ እልል ሲባልለት ቀንቼ በሱ ድምፅ ልሰብክ ሞከርኩ። ያተረፍኩት ሳል ነው!

እግዚአብሔር እናንተን ሲሠራ የጻፈባችሁን ያውቀዋል። የሚፈልገውም እሱኑ ነው። ስለዚህ ብርጭቆ ወረቀቱን አስቀምጡት። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ የቀናችሁበትን ሰው በር አንኳኩ። “እንኳን ደስ አለህ” በሉት። በአፋችሁ ብቻ ግን አይደለም።