አንሺኝና ላንሳልሽ

ጆሮ ካዋሳችሁኝ አንዲት ተረት አለችኝ፤ ካላዋሳችሁኝም ለአጥሩ እነግራለሁ።

የውብዳር ባሏ ከሞተ ወዲህ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአንዲት ወፍ ፎቶ። ማለዳ ማለዳ ከአጥሩ አበባ ላይ የምትቀስም ትንሽ አረንጓዴ ወፍ ናት። ባሏ ባያት ቁጥር "ባለጉዳይዋ መጣች!" ይል ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ግን የእሱ ስም በዚያ ቤት ተነስቶ አያውቅም።

ካሜራ ሻጯ ሰሚራ ቁልፉ የበዛ ትልቅ ካሜራ አወጣችላት።

"እትዬ፣ ይሄ ሰርግም ያነሳል።"

"ማን ሊያገባ? የኔ ወፍ አንዲት ናት።"

ለእጇ የማይከብድ የጀማሪ ካሜራ ከአጭር ሌንሱ ጋር ገዛች። ቤቷ ወስዳ ብትደግነው ካሜራው፣ "በዚች አጭር ሌንስ ነጥብ እንጂ ወፍ አይታየኝም፤ አላነሳም" አለ።

ተመልሳ ረጅም ሌንስ አመጣችለት። ረጅሙ ሌንስ፣ "ብርሃን ካልገባ አላይም" አለ። ሌንሱ አላይ አለ፣ ካሜራው አላነሳ አለ፣ ወፏም ቀስማ ሄደች።

ብርሃንን ለመነች። ብርሃን፣ "አጥሩን የጋረደው ቅርንጫፍ ካልተነሳ አልገባም" አለ። ብርሃን አልገባ አለ፣ ሌንሱ አላይ አለ፣ ካሜራው አላነሳ አለ፣ ወፏም ቀስማ ሄደች።

ቅርንጫፉን ገፋችው። "እኔ የጋሽ ደገፉ አቮካዶ ነኝ፤ እሳቸው ካላነሱኝ አልነሳም" አለ። ቅርንጫፉ አልነሳ አለ፣ ብርሃን አልገባ አለ፣ ሌንሱ አላይ አለ፣ ካሜራው አላነሳ አለ፣ ወፏም ቀስማ ሄደች።

ጋሽ ደገፉ ከባሏ ጋር ዳማ ሲጫወቱ የኖሩ ጎረቤት ናቸው።

"ጋሼ፣ ቅርንጫፉን ያንሱልኝ።"

"አንሺኝና ላንሳልሽ። ደግሞ ስስቅ ነው የምታነሺኝ!"

ለቅርብ ሰው አጭሯ ሌንስ ትበቃለች፤ መልሳ ገጠመቻት። የጋሽ ደገፉ ፊት ግን እንደተቋጠረ ቀረ።

"ይሳቁ እንጂ!"

"ሳቄን ይዞት የሄደው ማን ሆነና? ስሙን አንሺው፣ እስቃለሁ።"

ጋሽ ደገፉ አልስቅ አሉ፣ ቅርንጫፉ አልነሳ አለ፣ ብርሃን አልገባ አለ፣ ሌንሱ አላይ አለ፣ ካሜራው አላነሳ አለ። ወፏስ ስንቴ ትመላለስ?

የውብዳር ከካሜራው ጀርባ ሆና አፏን ከፈተች።

"አጥናፉ..." አለች። ቤቱ አልፈረሰም። "አጥናፉ በዳማ ሲሸነፍ፣ 'ድመቷ ቆርኪዬን አነሳችብኝ' ይል ነበር።"

"ድመት እኮ አልነበራችሁም!" ብለው ጋሽ ደገፉ በሳቅ ፈነዱ።

ስሙ ተነሳ፣ ጋሽ ደገፉ ሳቁ፣ አጭሯ ሌንስ አየች፣ ካሜራው አነሳቸው፣ እሳቸው ቅርንጫፉን አነሱ፣ ብርሃን ገባ፣ ረጅሙ ሌንስ ተመልሶ ተገጠመና አየ። ወፏም ምንቃሯን አበባው ውስጥ ሰክታለች።

"አጥናፉ" አለች የውብዳር፣ ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ፣ "ባለጉዳይህ መጣች።"

ካሜራውም አነሳ።

ጆሯችሁን መልሻለሁ።