ጨው መላሽ

በላይ አምባና በታች አምባ መካከል በምትወርደው ሾላ ወንዝ ዳር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ስፋቱ ሁለት መሶብ ጎን ለጎን ያስቀምጣል፣ መካከሉ ላይ የድስት ቂጥ የሚያህል ጥቁር ክብ ምልክት አለበት፣ ስሙም ጨው መላሽ ይባላል። መንደሩም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ድንጋይ ነው። አንዳንዱ ዐዋቂ ነኝ ባይ መንገደኛ «ድሮ እዚህ የጨው ገበያ ነበር» እያለ የገዛ አገራችንን ታሪክ ሲያስረዳን ዝም ብለን እንሰማዋለን፤ ምን እናድርግ፣ እንግዳ ነው። ለእኔ፣ በምራትነት ወደዚህ አገር ስመጣ፣ ታሪኩን የነገሩኝ የባለቤቴ አያት ናቸው፤ እሳቸውም ከአያታቸው ነው የሰሙት፤ ነገሩ ደግሞ የገበያ ሳይሆን የፋሲካ ዶሮ ወጥ ነገር ነው።

እንደሚነገረው፣ ከብዙ ዘመን በፊት በዚህ አገር ሁለት እህትማማቾች ነበሩ፤ ታላቂቱ ባንችአየሁ፣ ታናሺቱ አትጠገብ ይባላሉ። እናታቸው በወጥ ሙያዋ አገር ያወቃት ሴት ነበረችና ሁለቱንም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በአንድ ምድጃ ዙሪያ አሳደገቻቸው፤ የበዓል ዋዜማ ሲሆን ባንችአየሁ ሽንኩርቱን ስታቁላላ አትጠገብ ከጎኗ ቆማ በርበሬውን ጣል ታደርጋለች፣ አንዷ ዶሮዋን ስትበልት አንዷ እንቁላሉን ትልጣለች፣ በሆነ ባልሆነው ሲሳሳቁ ይውሉና እናታቸው «እናንተ ልጆች፣ ጾም ነው፣ ጥርሳችሁን ሰብስቡ!» ብላ ስትቆጣ ራሷም ሳቋ ያመልጣታል። የባለቤቴ አያት እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ቆም ይሉና፣ «የበዓል ደስታ ከመብላቱ ይልቅ በዋዜማው ሥራ ላይ ነው» ይላሉ፤ እኔም ጾሙ ካልከበደኝ በስተቀር እስማማለሁ።

እናትየዋ ስታርፍ ልጆቿ ከብቱንም መሬቱንም ያለ አንዳች ክርክር ተካፈሉ። የተጣሉት በድስቱ ነው። ወይ ጉድ! አንድ የሸክላ ድስት! «ታላቅ ነኝና ለእኔ ይገባኛል» አለች ባንችአየሁ፤ «እስከ መጨረሻዋ ድረስ ያስታመምኳት እኔ ነኝ» አለች አትጠገብ፤ ሽማግሌ ሳይገባበት ባንችአየሁ ድስቱን ታቅፋ ወደ ላይ አምባ፣ አትጠገብ ክዳኑን ታቅፋ ወደ ታች አምባ ሄደች። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለቱም ጥፋተኞች ናቸው። ልጆቻቸው ተዳሩ፣ ፀጉራቸው ሸበተ፣ አትጠገብም ባሏ ሞቶባት ሴት ልጆቿ ሩቅ አገር አግብተው ብቻዋን ቀረች፤ ያም ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ እንኳ አንዷ ከፊት ስትቆም አንዷ ከኋላ ትቆማለች እንጂ አይነጋገሩም። ነገር ግን ባንችአየሁን እህቷ ትናፍቃት ነበር። በየፋሲካው ዋዜማ መከለሻውን ልትነሰንስ ስትል፣ «በቃው?» ብላ ለመጠየቅ ሳታስበው ወደ ጎኗ ዘወር ትላለች፤ ከጎኗ ግን ማንም የለም። ሁለቱም አርጅተዋል፤ ከእንግዲህ የቀራቸው ፋሲካ ስንት እንደሆነ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው፤ ይህንንም ታውቀዋለች፤ ቢሆንም ቀድሞ መናገር እንደ ሞት ሆኖባታል።

ከዓመታት በአንዱ የበልጉ ዝናብ ያለ ልክ ጣለና ታላቁ ወንዝ ሞልቶ የጨው ነጋዴዎች ከቆላ ሳይወጡ፣ ሩቅ የተዳሩ ልጆችም ሳይሻገሩ ፋሲካ ደረሰ ይባላል። በሁለቱ አምባ ጨው ያለው የባንችአየሁ ቤት ብቻ ነበር፤ አንድ አሞሌ ጨው እርጥበት እንዳያገኘው በጨርቅ ጠቅልላ ከምድጃዋ በላይ ሰቅላዋለች። ስስታም አልነበረችም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ልጁን እየላከ ሲጠይቃት እየፈረፈረች ሰጠች። ያልላከች አትጠገብ ብቻ ናት። «ለጠየቀኝ ሁሉ ሰጥቻለሁ፤ እሷ አፏን ምን ያዛት?» አለች ባንችአየሁ። ይህ ቃል እንደ ምንም ብሎ ወንዙን ተሻገረና አትጠገብ ጆሮ ደረሰ። «ያለ ጨው እበላለሁ እንጂ ደጇን አልረግጥም» አለች እሷም። በእልህ የሚስተካከላቸው አልነበረም፤ አለመታደል እኮ ነው።

ቅዳም ስዑር ዕለት በባንችአየሁ ቤት የነበረውን ግርግር ምን ብዬ ልንገራችሁ! ልጆቿ ሁሉ ሚስቶቻቸውን ይዘው ገብተዋል፤ አንዱ ጠላውን ያጠላል፣ አንዱ ለበጉ ቢላ ይስላል፣ ድፎው ዳቦ በኮባ ተጠቅልሎ እሳት ላይ ነው፣ ቅቤው ከኮረሪማው ጋር ሲነጠር ሽታው ሁለት ወር ሙሉ የጾመውን ሰው ሁሉ ምራቁን ያስውጠዋል። ባለቤቷ አባ ጓንጉል እንኳ ጭስ ወደ ሞላበት ማድቤት በየሰበቡ ብቅ እያሉ «እንጨት ጎደላችሁ?» ይላሉ፤ እንጨቱ እንዳልጎደለ ያውቃሉ። ዶሮዋ ጨው ለመቆጠብ ሲባል በሎሚ ብቻ ታጠበች። ሽንኩርቱ ተቁላላ፣ በርበሬው ገባ፣ ብልቶቹ ተራ በተራ ገቡ፤ በመጨረሻም ባንችአየሁ በልኩ ጨው ጨምራ፣ ድስቱ ክዳን የለውምና ሰፌድ ደፍታበት በጉን ልታይ ወደ ጓሮ ወጣች።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጾም ስለሆነ ወጡን የሚቀምስ የለም። ትልቋ ምራት የሻረግ ስትገባ ሰፌዱን ገለጥ አድርጋ አየች፤ «እማዬ መርሳት ጀምረዋል፤ ጨው ሳይጨምሩ ቀርተው የዓመት በዓል ገበታ ላይ እንዳናፍር» ብላ አንድ እፍኝ ጨመረች። ጥቂት ቆይታ ትንሿ ምራት ዘርትሁን ገባች። ዘርትሁን ገና በመጀመሪያ ፋሲካዋ ላይ ያለች ሙሽራ ናት፤ የባሏ አክስት በዚህ ቀን ብቻዋን ያለ ጨው እንደምትውል ሰምታ ሆዷ አልቻለም፣ ማንም ሳያያት አድርሳ ልትመለስ አስባ ከአሞሌው ፈርፍራ እፍኟን ሞላች። ልክ ልትወጣ ስትል አማቷ ከበሩ ብቅ አለች። ልጅቱ በድንጋጤ የምታደርገው ጠፍቷት ጨውን እንዳለ ድስቱ ውስጥ ጣለችውና ማማሰያ አንሥታ ማማሰል ጀመረች። «እሰይ የኔ ልጅ፣ እንዲህ ነው መትጋት!» ብላ መረቀቻት ባንችአየሁ። የእናታቸው ክዳን በቦታው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር ይላሉ የታች አምባ ሰዎች፤ የላይ አምባ ሰዎች ግን ክዳን የሰው እጅ አያግድም ብለው ይከራከራሉ።

ጎህ ሲቀድ ሁሉም ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ በመሶቡ ዙሪያ ተሰበሰበ። አባ ጓንጉል ዳቦውን ባርከው ቆረሱ፣ ወጡ ወጣ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ እሳቸው ጎረሱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ልጆቹ ከደስታ ነው ብለው አሰቡ። «ተመስገን» አሉ በመጨረሻ፣ «እስቲ ውኃ ስጡኝ።» ቀጥሎ የቀመሰው ልጅ ግን እንደ አባቱ የሚታገሥ አልነበረምና ተነሥቶ ወደ ውጭ ሮጠ። ባንችአየሁ በጣቷ ቀመሰች። በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሁለት ወር የጾመ ቤተሰብ፣ ያ ሁሉ ልፋት፣ ያ ሁሉ ቅቤ!

«ጨው የጨመረ ማን ነው?» አለች።

«እኔ ትንሽ ጣል አድርጌያለሁ፣ ረስተው እንደሁ ብዬ» አለች የሻረግ።

«ትንሽ ይህን አታደርግም!»

ዘርትሁን አለቀሰች። «እኔም ነኝ፣ እማዬ። ለእትዬ አትጠገብ ልወስድላቸው ብዬ ዘግኜ ነበር፤ እርስዎን ሳይ ደንግጬ ከድስቱ ጣልኩት።»

ሁሉም ቁጣ ሲጠብቅ ባንችአየሁ ልጅቱን ትክ ብላ አየቻት ይባላል፤ ትናንት የገባች ሙሽራ ያሰበችውን፣ በአንድ ምድጃ ያደገች እህት አላሰበችውም። ውኃ ቢጨምሩበት ወጡ ይቀጥናል፤ ቀጭን የዶሮ ወጥ ደግሞ በበዓል ቀን ለጠላትም አይቀርብ። በሁለቱ አምባ ጨው ያልነካው የዶሮ ወጥ ያለው በአንድ ቤት ብቻ ነው፤ ያንንም ታውቃለች። ብድግ አለች፣ ድስቱን በጨርቅ ይዛ አነሣች።

«ወዴት ልትሄጂ ነው?» አሏት አባ ጓንጉል።

«ጨው ወደሌለበት ቤት» አለች።

ወንዙ ዳር እስክትደርስ የበረታው ልቧ እዚያ ሲደርስ ከዳት። ድስቱን በጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ አስቀምጣ፣ ማዶ የምትታየውን ጎጆ እያየች አንድ እርምጃ መራመድ አቃታት። «ሂጂ አንቺ» አለቻት ዘርትሁንን፤ «እኔን እሺ አትለኝም።» ልጅቱ ተሻግራ ገባች። አትጠገብ ክዳኑን የደፋችበትን ትንሽ ድስቷን ይዛ፣ ፊት ለፊቷ መሶብ አቅርባ፣ ሳትበላ ተቀምጣ ነበር፤ ብቻዋን መጉረስ እምቢ ብሏት ነው ይላሉ። ዘርትሁን የሆነውን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረቻት፤ ስለ እልሁም፣ ስለ እፍኙም፣ ስለ አባ ጓንጉል እንባም።

አትጠገብ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ልጅቱ ለቅሶ መስሏት ልታባብላት ስትጠጋ ሳቅ ሆኖ አገኘችው። ያ የልጅነት ሳቋ፣ እናትየዋ ጥርሳችሁን ሰብስቡ የምትልበት ሳቅ። ድስቷን ብድግ አድርጋ ወጣችና ከማዶ ሆና ጮኸች፦

«እትዬ! በዚያ ድስት ውስጥ ያለው እኮ የኔ ጨው ነው! ጨዌን መልሱልኝ!»

ባንችአየሁ «እትዬ» የሚለውን ቃል ከአትጠገብ አፍ ስትሰማ እናታቸው ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። አለቀሰች። አትጠገብ ወንዙን ተሻግራ ድስቷን ከእናታቸው ድስት አጠገብ አስቀመጠች፤ አንድ ጭልፋ ከዚህ ወደዚያ፣ አንድ ጭልፋ ከዚያ ወደዚህ እያገላበጡ፣ ጾሙም ተፈቷልና በጣታቸው እየቀመሱ፣ «በቃው?» «ገና ነው፣ ጨምሪ» «አሁንስ?» ሲባባሉ ፀሐይ ወጣች። «ሽንኩርቱን ዛሬም ታቻኩይዋለሽ» አለች ታናሽ። «አንቺም ዛሬም በርበሬ ትፈሪያለሽ» አለች ታላቅ። ወጡ ልክ ሲመጣ ሁሉንም በእናታቸው ድስት ገለበጡትና አትጠገብ ክዳኑን ከላይ ገጠመችው። ቤተሰቡም መሶቡን ተሸክሞ ወርዶ እዚያው ድንጋይ ላይ በላ፤ ባንችአየሁ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእህቷ፣ ሁለተኛውን ለዘርትሁን አጎረሰች። ከዚያን ዕለቱ የበለጠ የጣፈጠ ወጥ በዚህ አገር ተበልቶ አያውቅም ይባላል፤ እርግጥ ይህን የሚሉት የእኔን ወጥ ያልቀመሱ ሰዎች ናቸው።

ድስቱም ክዳኑም ከተሰበሩ ቆይተዋል፤ ማን እንደወረሳቸው የሚያውቅ የለም፣ የጠየቀም የለም። የቀረው በድንጋዩ ላይ ያለው ጥቁር ክብና ልማዱ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ በፋሲካ ዋዜማ የየቤቱ አዲሲቱ ምራት እፍኝ ጨው ይዛ ሾላ ወንዝን ትሻገራለች፤ ዘርትሁን ደብቃ ልታደርሰው ነበርና የዛሬዋ ሙሽራ ሁሉም እንዲያየው መዳፏን ዘርግታ ነው የምትሄደው። ማዶ ያለችው ሴት ወጥታ «ጨዌ ተመለሰልኝ!» ብላ ስትቀበላት አገሩ እልል ይላል። እኔም ተሻግሬያለሁ፤ የተቀበሉኝ አሮጊት ጨውን ሳይወስዱ አስቀድመው መዳፌን የሳሙት መሳም እስከ ዛሬ አይረሳኝም። እናት አልባ ሆኜ ለመጣሁባት አገር ምስጋናዬ ከዚያ ቀን ይጀምራል።

በነጋታው ደግሞ፣ ዳቦው ተባርኮ ከመቆረሱ በፊት፣ በየቤቱ ትልቅ የሆነው ሰው ስለ ወጡ ጨው አይጠይቅም። የሚጠይቀው «ጨው ያልደረሰው ቤት አለ ወይ?» ብሎ ነው። የለም ከተባለ ይቆረሳል። አለ ከተባለ ግን የራበውም ሕፃን ሳይቀር እጁን ይሰበስባል፤ አንድ ሰውም ድስቱን በጨርቅ ይዞ ይነሣል።